ማማው ይሰማኛል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንጌላዊት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሠፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ላፕቶፗን የልብስ ሣጥኗ ላይ አስቀምጣ፣ ነገ በጣና ዙሪያ ለሚበሩ ሰዎች መንገድ ታወጣለች።

በራሪዎቹ ከወንበራቸው አይነሡም። አንዱ ሐዋሳ ያለ የጥርስ ሐኪም ነው። አንዱ አዲስ አበባ የሚማረው ኪሩቤል ነው። ቢሾፍቱ የሚኖሩ፣ ጋሽ ገድሉ የሚባሉ ጡረተኛ የአውሮፕላን መካኒክም አሉበት። ሁሉም በየቤታቸው ኮምፒዩተር ከፍተው፣ በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ በአንድ የጨዋታ ሰማይ ላይ ትንንሽ አውሮፕላን ያበራሉ። በጆሮ ማዳመጫቸውም እንደ እውነተኛ አብራሪ ይነጋገራሉ። ነገ እሑድ የወዳጅነት ውድድር አላቸው፤ ሽልማቱ አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ነው። ውድድሩን ያሰናዳችው ወንጌላዊት ናት። በመቆጣጠሪያ ማማው ላይ ሆና ተነሡ፣ ዙሩ፣ ውረዱ የምትለውም እሷው ናት።

ሕፃን ሳለች ዘጌ ላይ፣ ከአባቷ ቤት ደጃፍ ቆማ፣ ከውኃው በላይ ወደ ባሕር ዳር ዝቅ የሚለውን አውሮፕላን ታይ ነበር። ካደገች በኋላ የበረራ ትምህርት ልትመዘገብ ሄዳ ቁመትሽ አይደርስም ተባለች። ተመልሳ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች። የቀረባትን ሰማይ ያገኘችው በዚህ ጨዋታ ነው።

በአንድ ግቢ የተከራየችው ጓደኛዋ ቃልኪዳን የደረቀ ልብስ ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«እስኪ መንገዱን አሳዪኝ፣ የማማዋ እመቤት።»

«ከባሕር ዳር ይነሣሉ። በዘጌ አድርገው፣ በጎርጎራ አልፈው፣ ጎንደር ያርፋሉ። ከዚያ ማክሰኝት ላይ ይዞሩና በምሥራቁ ዳርቻ ይመለሳሉ።»

«ማክሰኝት?» ቃልኪዳን ልብሱን አልጋው ላይ ወረወረችው። «ማክሰኝት ደግሞ ምን ሊታይ ነው? ቤተ መንግሥት አለ? ፏፏቴ አለ?»

«መንገዱ ከላይ ሲያዩት በደንብ ይለያል።»

«ይለያል እንጂ! ለአንቺማ የሰውየው ቤት ጣሪያም ሳይለይ አይቀር።»

«ቃል፣ በናትሽ ተይኝ።»

ቃልኪዳን ፊቷን አየችና ቀልዱን ተወችው። ልብሱን ዝም ብላ ታጥፍ ጀመር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በቴሌግራም ቡድናቸው ውስጥ የመጨረሻው ተወዳዳሪ ተመዝግቦ ነበር። «ሕዝቅኤል፤ ከማክሰኝት» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ለአራት ወር ድምፁን ያጠፋ ሰው፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ስሙንና ያለበትን ቦታ ብቻ ጽፎ መጣ። ወንጌላዊት ያቺን መስመር ደጋግማ አንብባት ነበር፤ ከፊደሎቹ ኋላ ሌላ ነገር የተደበቀ ይመስል።

ስልኳ ጠራ። አባቷ መሪጌታ ገብረ መስቀል ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዘጌ ላይ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ዐይናቸውም እየደከመ ነው።

«ወለተ ጊዮርጊስ፣» አሉ። የሚጠሯት በክርስትና ስሟ ነው። «ደኅና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባዬ። ዐይንዎ እንዴት ዋለ?»

«እሱማ እንደ ፈቃዱ ነው። ዛሬም ፍቅረ ማርያም መርቶ አስቀደሰኝ። ዳዊቱንም የሚያነብልኝ እሱ ነው።» ትንሽ ቆም አሉ። «የእሱን ነገር መቼም ታውቂዋለሽ። ዲያቆን ሳያገባ ቅስና አይቀበልም። ሰዎቹ ማክሰኞ ለሽምግልና እንምጣ ብለውኛል። እኔ አንቺን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም። ምን ትያለሽ?»

አይሆንም የሚለው ቃል እስከ ምላሷ መጥቶ እዚያ ቀረ። አባቷ ያነሡትን ነገር እምቢ ብላ አታውቅም፤ በዚያ ቤት እምቢታ በምን ቃል እንደሚጀመር የነገራት የለም።

«ደግ ነው፤» አሉ መሪጌታ በለሰለሰ ድምፅ። «ገባኝ። እናትሽም እንዲሁ ነበረች። ሰኞ ነይ እንግዲህ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቃልኪዳን የታጠፈውን ልብስ ይዛ ወጥታ ነበር። ክፍሏ ሰው ኖሮባት የማታውቅ መሰለቻት።

*

ከሕዝቅኤል ጋር መጀመሪያ የተዋወቁት በድምፅ ብቻ ነበር። በጨዋታው እሱ ነባር ነው፤ የማማውን ሥራ ያስተማራትም እሱ ነው። አንድ ቀን በወሬ መሃል ሁለቱም ባሕር ዳር መሆናቸው ታወቀ። አባቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለመሥራት ከአዳማ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። እሱ ደግሞ የውኃ ፓምፕ የሚተክል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በሐይቁ ዳር ይሄዱ ጀመር። እሷ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ አያቷም ቅድመ አያቷም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ነበሩ። ስለ እሱ አንድ ጊዜ ለአባቷ ፈራ ተባ እያለች ብታነሣ፣ «የፋብሪካ ልጅ? ወገኑ ማን ነው? የት ተማረ?» ብለው ነገሩን በዚያው ዘግተውት ነበር።

ሕዝቅኤል ዐይን ለዐይን ሲሆን ይፈራል። ስለዚህ አንድ ሐሙስ በስልክ ጻፈላት።

«ወንጌል፣ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ ወይ? መልስሽን እጠብቃለሁ።»

አነበበችው። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሳቀችም። አንድ ቃል ግን አልጻፈችም። መጻፍ አለብኝ ብላም አላሰበችም። እናቷ ቡና እየለቀሙ የነገሯትን ታውቃለች፦ «አባቴ ያን ሰው ታገቢያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ዝም አልሁ። ዐይኔን ከመሬት ሳላነሣ ዝም! አዎ ብል ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? ባል ናፋቂ!» ጨዋ ሴት ልጅ በዝምታዋ እሺ ትላለች፤ ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። ሰው ሁሉ ይህን የሚያውቅ ይመስላት ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ በሐይቁ ዳር ሲሄዱ፣ «የላክኩልሽን አየሽው?» አላት። ፈገግታዋ አፍኗት ስለነበር ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች። ነጠላዋንም እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ከዚህ በላይ የጎላ መልስ አለ ብላ አታስብም። እሱም ከኋላዋ «ደኅና» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ከዚያ በኋላ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይዘል ነበር። አንኳኪው ግን የጎረቤት እንግዳ ነው፤ ወይ ቆጣሪ አንባቢ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መልእክት መጣ፦ «ማክሰኝት ሥራ አግኝቻለሁ። ሰላም ሁኚ።»

ሰው ጠይቆ፣ መልሱንም አግኝቶ፣ እንዴት ይሄዳል? አባቷን ፈርቶ ይሆናል አለች። ሌላ አይቶ ይሆናል አለች። አራት ወር ሙሉ ለራሷ ምክንያት ስትፈልግ ከረመች፤ ከሥራ ስትመለስም በሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ ትታ በሌላ ትሄዳለች።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ የዘጠኙ ተወዳዳሪዎች ትንንሽ አውሮፕላኖች ከባሕር ዳር ተነሡ። ወንጌላዊት የሁሉንም ጥሪ እኩል ትመልሳለች። ሕዝቅኤል «ማማው ይሰማኛል?» ሲል ግን ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«በግልጽ ይሰማል፤» አለችው። መሥሪያ ቤት ለማታውቀው ባለጉዳይ ቀጠሮ የምትሰጥበት ዓይነት ድምፅ ነበር።

ጎንደር ላይ ሁሉም አረፉ፤ ሕዝቅኤል ቀድሞ ተነሥቶ ወደ ማክሰኝት ዞረ። ቀጥሎ ተራው የጋሽ ገድሉ ነበር።

«ጋሽ ገድሉ፣ ለመነሣት ተፈቅዷል።»

መልስ የለም። አውሮፕላናቸው ግን መንደርደር ጀመረ።

«ጋሽ ገድሉ ይቁሙ! ፈቃዱን አልደገሙልኝም።»

«ምነው ልጄ! ሰምቼሻለሁ እኮ።»

«ምንም አላሉኝም።»

«ዝም ካልሁ እሺ ማለቴ አይደል? በሽምግልናዬ ደግሞ እንደ ተማሪ ድገም ልባል?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «ቡናው ቀረብዎት ጋሼ!» አለ ኪሩቤል።

ወንጌላዊትም እየሳቀች ነበር የጀመረችው። «በዚህ መስመር ዝምታ እሺ ማለት አይደለም፣ ጋሽ ገድሉ። ዝም ያለ ሰው ይስማ አይስማ፣ ይስማማ አይስማማ፣ ማማው በምን…»

አልጨረሰችውም። የራሷን ድምፅ ሰማች። ይህን ደንብ ያስተማራት ሰው ማን እንደነበረ ትዝ አላት። ያ ሰው በዚህ መስመር ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ዝምታ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ፣ በሐይቁ ዳር ከጀርባዋ ቆሞ ምን ሰምቶ እንደሄደ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ላይዋ ላይ ተናደ።

«ማማ?» አሉ ጋሽ ገድሉ። «ልነሣ ወይስ ልቅር?»

በስክሪኑ ላይ የሕዝቅኤል አውሮፕላን ማክሰኝት ደርሶ መንገዱን አልቀጠለም። እዚያው ሰማይ ላይ ይዞራል።

«ወንጌል፣» አለ ድምፁ፣ ሁሉም በሚሰማበት መስመር፤ «አሁን ያልሽውን ድገሚልኝ።»

የሐዋሳው ሐኪም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኪሩቤል፣ ማማውን ተረከበኝ፤» አለችና ወደ ሌላ መስመር ገባች። እሱም ተከትሏት ገባ።

«ያን ቀን ለምን ዝም አልሽኝ?» አላት።

«ዝም አላልሁህም! መለስሁልህ እንጂ።»

«በምን መለስሽልኝ? ፊትሽን አዞርሽብኝ!»

«እየሳቅሁ ነበር፣ ሕዝቄ። እንዳታየኝ ነው የዞርሁት። እኛ ቤት ሴት ልጅ አዎ አትልም። ዝም ትላለች፤ ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። እኔ በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሣሁ ጠበቅሁህ።»

«እኔ ደግሞ ስልኬን እያየሁ ጠበቅኩ፤» አለ። «ከዚያ ገባኝ አልኩ። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ የፋብሪካ ልጅ አልፈልግም ብላ ልታሳፍረኝ ስላልጨከነች ነው ዝም ያለችው አልኩ። ጨዋነትሽን እያመሰገንኩ ነው የሄድኩት! እያመሰገንኩ፣ ወንጌል!»

«ለምን ደግመህ አልጠየቅኸኝም?»

«ሁለት ጊዜ እምቢ መባል አልቻልኩም። አንቺስ ለምን አልጻፍሽልኝም?»

«ጠይቆኝ የሄደን ሰው ልለምን?»

በስክሪኑ ላይ የእሱ አውሮፕላን፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆና፣ ማክሰኝትን ትዞራለች።

«ማክሰኞ ሽማግሌ ይመጣል፤» አለች። «ለሌላ ሰው። አባዬ ጠይቀውኝ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ዝም አልሁ።»

«ወይ ወንጌል!» ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ድምፅ ነበር። «በቃ፣ አሁን ንገሪኝ። በአፍሽ። አዎ ከሆነ አዎ፣ አይ ከሆነ አይ። ከዚህ በላይ መገመት አልችልም።»

ዐይኗን ጨፈነች። በሕይወቷ እንዲህ የከበደ ቃል አንሥታ አታውቅም። የሚያያት የለም፤ ግን አንገቷ ድረስ ቀላች።

«ሕዝቅኤል… ሽማግሌ ላክ። እሺ ብዬሃለሁ።»

ዐይኗን ስትገልጥ ነጯ ነጥብ ከማክሰኝት ሰማይ ላይ የለችም። መስመሩም ጭር ብሏል። ከቃሏ በፊት ነው የጠፋችው? ወይስ በኋላ? በስልክ ደወለች፤ የተቀዳችው ሴት ድምፅ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለቻት። ኪሩቤል በቡድኑ ውስጥ «በዚያ በኩል ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ። ጋሽ ገድሉ አሸንፈዋል፤ ከጥሪው በኋላ ሁሉንም እየደገሙ አሰለቹን!» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ ሳቁ፣ ተመራረቁ፣ አንድ በአንድ ወጡ።

ወንጌላዊት ባዶው ሰማይ ፊት ቀረች። የተናገረችው ቃል ሰው ጋ ሳይደርስ የትም የቀረ ይመስላት ነበር፤ ወደ አፏም አይመለስም።

*

ሰኞ ጠዋት ፈቃድ ጠይቃ በጀልባ ዘጌ ተሻገረች። የሕዝቅኤል ስልክ አሁንም አይሠራም።

አባቷ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዲያቆን ፍቅረ ማርያም ዳዊት ያነብላቸዋል። ሲያያት ተነሥቶ፣ «እንኳን ደኅና መጣሽ» አለና መጽሐፉን በልብስ ሸፍኖ፣ ዐይኑን ሳያነሣ ሄደ። ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር።

የአባቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ አልተቀመጠችም።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ዝም ያልሁት እሺ ብዬ አይደለም።»

መሪጌታ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ። «እንዴት?»

«ፈርቼ ነው። ፍቅረ ማርያምን አላገባም።»

«ምን አጠፋ ልጁ?»

«ምንም አላጠፋም። እኔ ሌላ ሰው እወዳለሁ።»

በዚያ ቤት አባትና ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። መሪጌታ በደከመ ዐይናቸው ድምፁ ወደመጣበት ተመለከቱ።

«ያ የፋብሪካው ልጅ?»

«እሱ ነው።»

«ሽማግሌ ልኳል?»

«አልላከም።»

«ሊልክ ነው?»

«አላውቅም፣ አባዬ። ትናንት እሺ አልሁት፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም።»

«እንግዲያ የሌለ ሰው ይዘሽ ነው የመጣውን የምትመልሽ?»

«እሱ ባይመጣም ፍቅረ ማርያምን አላገባም። ልቤ ሌላ ቦታ እያለ አብሬው መቍረብ ለእሱም ግፍ ነው።»

መሪጌታ አልተቈጡም። ፊታቸው ላይ የመጣው ሌላ ነገር ነበር፤ ወንጌላዊት አይታው የማታውቀው ፍርሃት።

«እናትሽም ያን ጊዜ ዝም ነው ያለችው፤» አሉ ቀስ ብለው። «እሺ ብላለች ተባልሁ፤ እሺ ብላለች ብዬ ይኸን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖርሁ። እሷም… ፈርታ ይሆን?»

ወንጌላዊት እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አይደለም፣ አባዬ! ስታወራልኝ ትስቅ ነበር።»

«ትስቅ ነበር?»

«እንባዋ እስኪመጣ። አዎ ብል ባል ናፋቂ ይሉኝ ነበር እያለች።»

«ይህን ለእኔ አልነገረችኝም፤» አሉ መሪጌታ። «አንድም ቀን አልነገረችኝም።»

ከቡናው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። ሽማግሌው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ነገ የሚመጡትን እኔው እመልሳቸዋለሁ፤» አሉ በኋላ። «ፍቅረ ማርያምም ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይመጣ ይሆናል። ሊመጣም አይገባም።»

«እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ አነብልዎታለሁ።»

«የምትችይውን ብቻ በይ፣ ልጄ። በየሳምንቱ አትችይም።»

ትክክል ነበሩ። ግንባራቸውን ስማ ስትወርድ ዞር ብላ አየች። ዳዊቱ በልብስ እንደተሸፈነ ጎናቸው አለ፤ እጃቸውን ጭነውበታል፤ የሚያነብ ግን የለም። ልጅ ሆና በዚያ ግቢ ብቸኝነት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። አሁን ለአባቷ ሰጥታ የምትሄደው እሱን ነበር።

*

የመመለሻው ጀልባ ቡናና ሎሚ ወደ ገበያ በሚወስዱ ሴቶች ተሞልቷል። ሁሉም የመሪጌታን ልጅ ያውቋታል። ጎኗ የተቀመጡት እትዬ አደይ የእናቷ ባልንጀራ ነበሩ። ወንጌላዊት ከማንም ላለመነጋገር ውኃውን ታያለች።

ከሐይቁ መሃል አለፍ እንዳሉ ስልኳ ጠራ። ሕዝቅኤል!

«ወንጌል! ኔትወርኩ ገና አሁን መጣ። ስሜን ጠራሽና ጠፋሽ። ምን ልትዪኝ ነበር?»

«አልሰማህም?»

«ምን? አይሰማም! የምን ድምፅ ነው?»

«ጀልባ ላይ ነኝ! ስደርስ…»

«አይሰማም! አይ ከሆነም አይ በይኝና ልወቀው!»

ስደርስ እደውልልሃለሁ ልትል ነበር። ቀና ስትል የእትዬ አደይን ዐይን አየች፤ ከዚያም የሌሎቹን። ማታ ወሬው ዘጌ ይገባል። እስከ ነገ ደግሞ የማያውቀው የለም። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እሺ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች። «ሽማግሌ ላክ! አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላክ!»

ባለጀልባው ከፊታቸው የምታልፍ ታንኳ አይቶ ድንገት ሞተሩን አጥፍቶ ነበር። የመጨረሻው ጩኸት ብቻውን በተኛው ውኃ ላይ ሄደ። ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ።

«ወይ ጉድ!» አሉ እትዬ አደይ። «ያቺ ድምፅ የሌላት የመሪጌታ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን አለሽ? ይኸን ሁሉ ሰው አስደንግጠሽ ዝም ነው እንዴ?»

ወንጌላዊት ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። በዚያ ጫፍ አንድ ሰው ትንፋሹን ለመሰብሰብ ይታገላል።

«እያለቀሰ ነው፤» አለች።

«ያልቅስ! እንዲህ የሚጮኹለት ወንድ ስንት አለና!»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሞተሩ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሕዝቅኤል ምን እንዳለ አልሰማችም። ስልኩን ግን ከጆሮዋ አላወረደችም። ከኋላዋ የዘጌ ደን እየጠቆረ እየራቀ ነው፤ እዚያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የተዘጋ መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ስለ እሳቸው ታለቅስ ነበር። ስለ ራሷ ደግሞ ትስቅ ነበር፤ ሁለቱም ባንድ ፊት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት።